ሰማንያ ቀንና ሰባት ዘመን

እናቴ ደብረ ማርቆስ ተቀምጣ ቀን ትቆጥራለች። ልጃችን እዚህ ናይሮቢ በተወለደች በሦስተኛው ቀን ደውላ የጠየቀችኝ ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ አራሷ አጥሚቱን በደንብ ትጠጣ እንደ ሆነና ሰማንያው ቀን መቼ እንደሚውል። ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ነበረኝ። ለሁለተኛው «እናያለን፣ እማዬ» አልኳት። እናቴ ይህን «እናያለን» የሚባል ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ የቤት ሥራዬን ሳልሠራ ስቀር የምላት እርሱን ነበርና። ጥቂት ዝም ካለች በኋላ «ወንድ ቢሆን በአርባ ነበር፤ ለሴት እግዜር ጊዜ ሰጥቷችኋል» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

ባለቤቴ የወላይታ ልጅ ናት፤ ያደገችውም በቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ነው። በእነርሱ ዘንድ ጥምቀት ያመነ ሰው በራሱ አንደበት መስክሮ በራሱ እግር የሚገባበት ውኃ እንጂ፣ ሕፃን በክርስትና እናቱ ክንድ ታቅፎ የሚደርስበት አይደለም። ስንጋባ ይህን ልዩነት እያወቅን ነው የተጋባነው። ሆኖም ሽማግሌዎቹ ስለ ጥሎሽና ስለ ሠርጉ ቀን ሲከራከሩ ስለ ጥምቀት ያነሣ አንድም ሰው አልነበረም። ከዚያም ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳናገኝ ስለ ቆየን ጥያቄው ተዳፍኖ ኖረ። ልጅቱ ስትመጣ አመዱ ተገለጠ።

በዚያው ሰሞን አንድ ሥራ መጣልኝ። እኔ በትርጉም የምተዳደር ሰው ነኝ፤ የስደተኞች ማመልከቻ፣ የልደትና የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የሕክምና ማስረጃ፣ አልፎ አልፎም መጽሐፍ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። ዌስትላንድስ ውስጥ የምትኖሩ አንባብያን የቤት ኪራዩን ስለምታውቁ የመጣልኝን ሥራ ሁሉ ለምን እንደምቀበል አላብራራላችሁም። ሰውዬው በሳሪት ሴንተር አንድ ካፌ ውስጥ ቀጠረኝ። ትሑት፣ ድምፁ ዝግ ያለ፣ ቡናውን ሳይጠጣ ጸሎት የሚያደርስ የአገራችን ሰው ነበር። ከቦርሳው ዘጠና ስድስት ገጽ ያላት የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አወጣና «ወገኖቻችን ይህን ብርሃን አላዩም» አለኝ።

የመጽሐፏ መልእክት ባጭሩ ይህ ነው፤ የውኃ ጥምቀት ለእኛ ዘመን አልተሰጠም። ለእስራኤል የተሰጠ ሥርዓት ነበር፤ ለጳውሎስ የተሰጠው ምሥጢር ሲገለጥ ጊዜው አለፈበት። ዛሬ ያለው አንዱ ጥምቀት የመንፈስ ነው፤ ውኃ የለበትም። ስለዚህ ሕፃን የሚያጠምቀውም፣ ዐዋቂ የሚያጠምቀውም እኩል ተሳስተዋል።

አልዋሽም፣ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ደስ አለኝ። በቤቴ ውስጥ በሁለት ሴቶች መካከል ለተነሣው ክርክር እነሆ ሦስተኛ ዳኛ መጥቶ ሁለቱንም ባዶ እጃቸውን ሊያሰናብታቸው ነው! ደስታው የቆየው ግን ቤቴ ገብቼ የመጀመሪያውን ምዕራፍ እስክከፍት ድረስ ነበር።

ተርጓሚ የሚያምንበትንም የማያምንበትንም ይተረጉማል። የማያውቀውን ግን መተርጎም አይችልምና ትምህርቱ ከየት እንደ መጣ ለማወቅ ወደ ኋላ ተመለስኩ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች፣ ዓ.ም. ካላልኩ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የነገሩ መነሻ ጆን ኔልሰን ዳርቢ ነው። ዳርቢ በ1800 ለንደን ተወልዶ በአየርላንድ የአንግሊካን ካህን የነበረ፣ በኋላም ቤተ ክርስቲያኑን ትቶ «ወንድሞች» ከሚባሉት ማኅበረ ሰብ ዋነኛ አስተማሪዎች አንዱ የሆነ ሰው ነው። በእርሱ አስተምህሮ እግዚአብሔር ለእስራኤልና ለቤተ ክርስቲያን ያለው ዕቅድ ሁለት ነው፤ ሁለቱን የሚያደባልቅ አንባቢ መጽሐፉን በሙሉ ያደበላልቀዋል። ይህን ትምህርት ወደ ተራው ምእመን ጓዳ ያስገባው ግን አሜሪካዊው ሳይረስ ስኮፊልድ ነው። ስኮፊልድ አገልጋይ ከመሆኑ በፊት የሕግ ባለሙያ ነበር፤ ይህም በጽሑፉ ላይ ይታያል። በ1909 በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት የታተመው ባለ ማስታወሻ መጽሐፍ ቅዱሱ የዓለምን ታሪክ በሰባት ዘመን ይከፍለዋል፤ ያለ በደል የተኖረበት፣ የኅሊና፣ የሰው አስተዳደር፣ የተስፋ ቃል፣ የሕግ፣ የጸጋና የመጪው መንግሥት። በየዘመኑ ሰው ይፈተናል፤ በየዘመኑም ይወድቃል።

የስኮፊልድ ኃይል የተቀመጠው፣ እንደ እኔ ግምት፣ ከሐሳቡ ይልቅ በገጹ አቀማመጥ ላይ ነው። ማብራሪያው ከቃሉ ሥር፣ በዚያው ገጽ፣ በዚያው ቀለም ታተመ። አንባቢው ዓይኑን ዝቅ ሲያደርግ መልሱን ያገኘዋል፤ መልሱም አንድ ነው። የእኛን የአንድምታ ትርጓሜ ያየ ሰው ልዩነቱ ወዲያው ይገባዋል። የኛ መምህራን አንድ ንባብ ይዘው «አንድም» ብለው ይፈታሉ፤ እንደገና «አንድም» ይላሉ፤ ሁለተኛው ሲመጣ የመጀመሪያው ከወንበሩ አይነሣም። ተማሪው ከሦስትና ከአራት ፍቺ ጋር ወደ ቤቱ ይሄዳል። ይህ አንዳንድ ጊዜ ያደክማል፤ እኔም በልጅነቴ አድክሞኛል። ዳሩ ግን የስኮፊልድን ማስታወሻ ሳነብ ያ ድካም ናፈቀኝ።

ከስኮፊልድ በኋላ ሉዊስ ስፔሪ ቼፈር በ1924 በዳላስ የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት መሠረተ፤ በዚያው ትምህርት ቤት ያስተማረው ቻርልስ ራይሪ ደግሞ በ1965 ባወጣው መጽሐፍ ትምህርቱን ከተቺዎቹ ተከላከለለት። እኔን የገረመኝ እነዚህ ሰዎች ስለ ዘመናት አከፋፈል የተስማሙትን ያህል ስለ ጥምቀት አለመስማማታቸው ነው። ዳርቢ የአማኞችን ቤተ ሰብ ከነልጆቻቸው ማጥመቅን ይደግፍ ነበር። ቼፈር የፕሬስቢቴሪያን አገልጋይ ነበር፤ ያ ቤተ ክርስቲያን ሕፃናትን ያጠምቃል። ከትምህርት ቤቱ የወጡ ብዙዎች ግን የሚያጠምቁት ያመነውን ብቻ ነው። እንግዲህ ዘመናትን የሚከፋፍለው ትምህርት ሲጀመር ውኃውን አልነካም ነበር።

ውኃውን የነካው ኢተልበርት ቡሊንጀር ነው። ቡሊንጀር (1837–1913) የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ካህን፣ ከ1867 እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስም የአንድ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ጸሐፊ ነበር። ዳርቢና ስኮፊልድ ቤተ ክርስቲያን በበዓለ ሃምሳ ተወለደች ይላሉ። ቡሊንጀር በእርጅናው ይህን ድንበር ገፋው፤ የሐዋርያት ሥራ መጽሐፍ እስከ መጨረሻው ምዕራፍ ድረስ ገና የእስራኤል ታሪክ ነው፤ የዛሬዋ ቤተ ክርስቲያን የጀመረችው ጳውሎስ ሮም ላይ ታስሮ አይሁድን ካሰናበተ በኋላ ነው አለ። ድንበሩ እዚያ ከሆነ ደግሞ በዚያ መጽሐፍ ውስጥ የተጠመቀው ሰው ሁሉ ከአጥሩ ወዲያ ቀረ። ራሱ ግን ሕፃናትን ከምታጠምቀው ቤተ ክርስቲያን አልወጣም። ሰው እንዲህ ነው።

በአሜሪካ ጆን ኦሄርና ከእርሱ በኋላ ኮርኒሊየስ ስታም የቡሊንጀርን ድንበር ወደ መካከል መለሱት፤ አዲሱ ዘመን የተከፈተው ጳውሎስ ሲጠራ ወይም ሲላክ ነው አሉ። የውኃ ጥምቀትን በተመለከተ የደረሱበት ግን ያው ነው። ኦሄር በቺካጎ የሚያስተምር መጋቢ ነበር። በዚያችው ከተማ የሙዲ ቤተ ክርስቲያን መጋቢ የነበረው ሄንሪ አይረንሳይድ፣ ራሱ የዘመናት አከፋፈል አስተማሪ ሆኖ ሳለ፣ ይህ ቃሉን ከልክ በላይ መቆራረጥ ነው ብሎ በ1930ዎቹ ጠንካራ መቃወሚያ ጻፈ። በአንድ ከተማ፣ በአንድ ዐይነት መጽሐፍ ቅዱስ፣ በአንድ ዐይነት ዘዴ ሁለት ሰዎች ተለያዩ። ክርክሩን በጥሞና ካነበብኩት በኋላ የታየኝ አይረንሳይድ በመንፈስ፣ ኦሄር ደግሞ በስሌት የበረቱ መሆናቸው ነው። መክፈል ከተጀመረ የት ላይ ማቆም እንዳለብን የሚነግረን ማነው?

ናይሮቢ ለዚህ ዐይነቱ ትምህርት እንግዳ አይደለችም። በ1895 ወደ ኬንያ የገባውና ኪጃቤ ላይ የተከለው የአፍሪካ የውስጥ አገር ሚስዮን ከዚያው የአሜሪካ መንፈስ የወጣ ነው። ናይጄሪያዊው ቢያንግ ካቶ የዶክትሬት ትምህርቱን በዳላስ ተከታትሎ እዚሁ ናይሮቢ የአፍሪካ ወንጌላውያን ማኅበርን መርቷል፤ በታኅሣሥ 1975 በሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ ሞምባሳ ላይ ባሕር ውስጥ ሰጥሞ ሞተ። በእርሱ ሕልም መነሻነት በ1983 ካሬን ሠፈር የተከፈተው የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ብዙ ኢትዮጵያውያን አገልጋዮችን አስተምሯል። እነዚህ ሁሉ ግን የሚያጠምቁ ሰዎች ናቸው። በእጄ ያለችው መጽሐፍ የምትለው የእነርሱም ውኃ የሌላ ዘመን ነው።

አሁን ወደ ጠረጴዛዬ ልመለስ። ቤታችን ከዋያኪ መንገድ ብዙ አይርቅም፤ በ2022 የተከፈተው የላይኛው መንገድ ሌሊት ሌሊት ያጓራል። ሕፃኗ ስትተኛ እሠራለሁ፤ ስትነቃ አቆማለሁ። የመጀመሪያው ጭንቀቴ የትምህርቱ ስም ራሱ ነበር። «ዲስፔንሴሽን» የሚለው ቃል በላቲን አድርጎ ወደ እንግሊዝኛ የገባ ሲሆን ከበስተጀርባው ያለው የግሪኩ ቃል የቤት አስተዳደር፣ የመጋቢ ሥራ ማለት ነው። አማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ በኤፌሶን መልእክት ላይ «መጋቢነት» ይለዋል። መጋቢ ደግሞ የሚመግብ ነው፤ ጎተራውን ከፍቶ ለቤተ ሰቡ በጊዜው የሚሰፍር። በቃሉ ውስጥ ዘመንም አጥርም የለም። ስኮፊልድ ግን በቃሉ የሰየመው የተወሰነ ዘመንን ነው። ብዙ ካሰብኩ በኋላ «የመግቦት ዘመን» ብዬ ጻፍኩት፤ ደንበኛዬ ወደደው። እኔ እስከ ዛሬ አልወደድኩትም፤ ምግብ ከሚሰጥ ቃል ምግብ የሚከለክል ትምህርት እንዳወጣሁ ያህል ይሰማኛል።

ሁለተኛው ፈተና ከዚህ ይልቅ ስውር ነበር። «የኅሊና ዘመን» የሚለውን ስተረጉም እጄ ሳላዝዘው «ሕገ ልቡና» ብሎ ሊጽፍ ቃጣው። በአገራችን ያደገ ሰው ሁሉ ሕገ ልቡና፣ ሕገ ኦሪት፣ ሕገ ወንጌል የሚለውን አከፋፈል ያውቀዋል። አምስት ሺህ አምስት መቶውን ዓመተ ፍዳና ከርሱ በኋላ የመጣውን ዓመተ ምሕረት በየቀኑ በደብዳቤ ራስጌ ላይ እንጽፈዋለን። ስለዚህ ስኮፊልድ ሳይወለድ በፊት እኛም ዘመን የምንከፍል ሕዝብ ነበርን። ቃሉን ብጠቀምበት አማርኛው ይጥማል፤ አንባቢው «ይህንስ አባቶቻችንም ብለውታል» ብሎ ይቀበለዋል። ችግሩም ይኸው ነው። በእኛ ዘንድ ወንጌል ሲመጣ ኦሪት ከቤት አልወጣችም፤ በስምንተኛው ቀን እንገርዛለን፣ ቀዳሚትን እናከብራለን፣ ታቦት በራሳችን ተሸክመን ለጥምቀት ወደ ውኃ እንወርዳለን። የእኛ ዘመን በዘመን ላይ ይደረባል፤ የእነርሱ ዘመን ዘመንን ያባርራል። ለመጽሐፏ የሌላትን አያት ላበጅላት አልፈለግሁም። «የኅሊና ዘመን» ብዬ ደረቁን ተውኩት።

ሦስተኛው የመጽሐፏ ርእስ ነው። ስኮፊልድ በ1888 ያሳተማት አንዲት ትንሽ ጽሑፍ ስሟን ያገኘችው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ የእውነትን ቃል በትክክል ስለ መክፈል ከጻፈው ነው፤ የንጉሥ ጄምስ እንግሊዝኛ ይህን ግሥ «መክፈል» ብሎታልና። የእኔም ደንበኛ መጽሐፍ ይኸንኑ በርእሷ ላይ አድርጋለች። የግሪኩ ቃል ቀጥ አድርጎ መቁረጥ እንደ ማለት ነው። በ1954 ዓ.ም. የታተመው አማርኛ ግን በዚህ ቦታ ላይ መቁረጥም መክፈልም አይልም፤ የሚለው ቃሉን በቅንነት ስለ መናገር ነው። ይህን ለሰውዬው ስነግረው ረጅም ጊዜ አሰበና «እንግዲያው የግርጌ ማስታወሻ ጻፍበት» አለኝ። ሳልፈልግ ሳቅሁ። እርሱ ለምን እንደ ሳቅሁ አልገባውም፤ እኔም አላስረዳሁትም።

ይህን ስጽፍ ነው የእናቴ ሰማንያ ቀን ትዝ ያለኝ። ሰማንያው ቀን ከየት እንደ መጣ የሚጠይቅ ልጅ በዘሌዋውያን ላይ ስለ ወለደች ሴት የተጻፈውን ይነገረዋል፤ የቆሎ ተማሪ ከሆነ ደግሞ መጽሐፈ ኩፋሌን ይጨምሩለታል። በኩፋሌ አዳም ወደ ገነት የገባው በአርባኛው ቀን፣ ሔዋን የገባችው በሰማንያኛው ቀን ነው። ሕፃኑም በጥምቀት ወደ ጠፋችው ገነት ይመለሳል። የዚህ መጽሐፍ የዕብራይስጥ ቁርጥራጮች ከሙት ባሕር ዋሻዎች ቢገኙም ሙሉውን ጠብቆ ያቆየው ግዕዝ ብቻ ነው። «ኩፋሌ» ማለትስ ምን ማለት ነው? ክፍፍል። እርሱም የዓለምን ዘመን በኢዮቤልዩ እየሰፈረ ይከፍላል። እናቴ ማንበብ የተማረችው ካገባች በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ነገር ግን በጣቷ የምትቆጥረው ከዚያ መጽሐፍ ነው። እኔ በዩኒቨርሲቲ ዲግሪዬ የምተረጉመው ሌላ ክፍፍል፣ ያንን የሷን ቀን ከነውኃው የሚሠርዝ ሆነ።

የመጽሐፏ አምስተኛ ምዕራፍ የሚናገረው ስለ ጃንደረባው ነው። የንግሥት ሕንደኬን ጃንደረባ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ክርስቲያን የለም። በሠረገላው ላይ ተቀምጦ ኢሳይያስን ያነብ የነበረ፣ ፊልጶስ የደረሰለት፣ ውኃ ሲያይ የሚከለክለው ምን እንደ ሆነ የጠየቀ ሰው። ሊቃውንት አገሩ የዛሬዋ ሱዳን፣ መርዌ ናት ይላሉ፤ ይሁን። እኛ የእኛ ነው ብለን ሁለት ሺህ ዓመት የቆጠርንበት ሰው ነው። ለእናቴ ካህናት እርሱ የአገራችን የመጀመሪያው ጥሙቅ ነው። ለባለቤቴ መምህራን ደግሞ እርሱ አምኖ የመሰከረና ከዚያ በኋላ የተጠመቀ ሰው ነው፤ የእምነት መግለጫው ያለበት ሠላሳ ሰባተኛው ቁጥር በጥንታውያኑ ቅጂዎች ላይ ባይገኝም፣ ኢሬኔዎስ በሁለተኛው መቶ ዓመት ያውቀው ነበር፤ የ1954ቱም አማርኛ ይዞታል። ሁለቱም ወገን ጃንደረባውን ይፈልገዋል። መጽሐፏ ግን ታሪኩ የተጻፈው በስምንተኛው ምዕራፍ፣ ጳውሎስ ከመጠራቱ በፊት ስለ ሆነ ጃንደረባው የሌላ ዘመን ሰው ነው፤ የእርሱ ውኃ ለእኛ ምሳሌ አይሆንም ትላለች። በሁለት አንቀጽ ብቻ ነው የምትጨርሰው። እነዚያን ሁለት አንቀጾች ለመተርጎም ሦስት ሌሊት ፈጀብኝ።

ስለ ቃሉም አንድ ነገር ልበል። ጎረቤቶቻችን ኬንያውያን ጥምቀትን «ኡባቲዞ» ይሉታል፤ እንግሊዝኛውም እንደ ስዋሂሊው የግሪኩን ድምፅ እንዳለ ወስዶ ትርጉሙን ለተከራካሪዎች ተወው። በ1830ዎቹ በሕንድ የባፕቲስት ተርጓሚዎች በቤንጋሊ «መንከር» የሚል ቃል ስለ ተጠቀሙ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበራት ርዳታቸውን ከልክለው፣ የአሜሪካ ባፕቲስቶች ተገንጥለው የራሳቸውን ማኅበር እስከ ማቋቋም ደርሰዋል። ግዕዝ ግን ከመጀመሪያው የራሱን ቃል ነው የተጠቀመው፤ ጠምቀ ማለት ውኃ ውስጥ ገባ፣ ተነከረ ነው። በእነዚያው ፊደላት በአማርኛ ጠላ እንጠምቃለን። እንግዲህ በአማርኛ «ውኃ የሌለበት ጥምቀት» ብሎ መጻፍ ውኃ የሌለበት ጠላ እንደ ማለት ሆኖ በጆሮዬ ይጮኻል። ጻፍኩት፤ ሥራዬ ነውና።

በሦስተኛው ሌሊት ባለቤቴ ሕፃኗን እያጠባች «ምን ሆነህ ነው የማትተኛ?» አለችኝ። አምስተኛውን ምዕራፍ አነበብኩላት። ጨርሼ ቀና ስል ፊቷ ተለውጧል።

«የአባቴን አባት ታሪክ ነግሬሃለሁ?» አለች። ነግራኛለች፤ ሆኖም ዝም አልኩ። የሱዳን የውስጥ አገር ሚስዮን ሰዎች በዶክተር ቶማስ ላምቢ መሪነት ወደ ኢትዮጵያ የገቡት በ1927 ማብቂያ ነው። ጣልያን በ1937 ከወላይታ ሲያስወጣቸው ጥለዋቸው የሄዱት የተጠመቁ ምእመናን ሃምሳ አይሞሉም ነበር። ከነጻነት በኋላ ሲመለሱ ግን የጠበቋቸው በሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው። በመካከሉ የታሠረ ታሥሯል፣ የተገረፈ ተገርፏል፤ ፈረንጅ በሌለበት ያስተማሩትም ያጠመቁትም የወላይታ ሽማግሌዎች ራሳቸው ነበሩ። አያቷ በዚያን ጊዜ ነው ሌሊት ወንዝ የወረዱት፤ ጠዋት ማን እንደሚይዛቸው ሳያውቁ።

«እና አያቴ የገቡት የማን ዘመን ውኃ ውስጥ ነው ሊለኝ ነው?» አለች። ቀጥላም «እናትህና እኔ የምንከራከረው ስለ ቀኑ ነው። ይህ ሰውዬ ግን ውኃውን ነው የሚደፋው» አለች።

ሚስዮናውያኑ ከእነዚያው ከስኮፊልድ ማስታወሻዎች የተማሩ እንደ ነበሩ ልነግራት አስቤ ነበር። አያቷን ወደ ወንዙ ያደረሳቸውና አሁን ወንዙን የሚያደርቅባቸው የአንድ ዛፍ ሁለት ቅርንጫፍ መሆኑን። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነበርና ተውኩት። በኋላ በሌላ ቀን ነገርኳት፤ «እነርሱ ያመጡት መጽሐፉን ነው፤ ማስታወሻውን አያቴ አላነበቡትም» አለችኝ። አማርኛም እንግሊዝኛም ማንበብ እንደማይችሉ ረስቼው ነበር።

ሥራውን በቀጠሮው ጨርሼ አስረከብኩ፤ የማያምንበትን ሰው ቃል እንዳላጣመምኩ በእግዚአብሔር ፊት እናገራለሁ። ሰውዬው «ስምህን በውስጥ ገጽ ላይ እናውጣው» ሲለኝ አመስግኜ እንቢ አልኩ። ለምን እንደ ሆነ ጠየቀኝ። «እናቴ ታነበዋለች» አልኩት፤ ይህ ሙሉው ምክንያት አልነበረም፤ ውሸትም አልነበረም።

ሰማንያው ቀን ማክሰኞ ዋለ። ልጃችን አልተጠመቀችም። በዚያን ዕለት ስልኩን ማንሣት የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ ደጋግሜ አነሣሁት፣ ደጋግሜ አስቀመጥኩት። ባለቤቴ ከእጄ ወስዳ ራሷ ደወለች።

«እማዬ፣ እንቢ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ልጅዎን አይቆጡት» አለቻት። ድምፁን ከፍ አድርጋው ስለ ነበር እኔም እሰማለሁ። ከወዲያ ለረጅም ጊዜ የሚሰማው የሰው ድምፅ ሳይሆን የዶሮ ጩኸት ነበር። ከዚያ እናቴ ልጅቱ ጤነኛ እንደ ሆነች ጠየቀች። ጤነኛ ናት ተባለች። ሳል እንኳ ቢይዛት ወዲያው ካህን እንድንጠራ አስጠነቀቀች፤ ለታመመ ሕፃን ቀን አይጠበቅምና። ባለቤቴ እሺም እንቢም አላለችም። በምትኩ ለምን እንቢ እንዳለች ልታስረዳት ጀመረች፤ ከመጽሐፍ አልጠቀሰችም፣ የነገረቻት የአያቷን ሌሊት ነው። እናቴ አላቋረጠቻትም።

ሲያልቅ «በምን ወንዝ ነው የተጠመቁት?» አለች እናቴ።

ባለቤቴ የወንዙን ስም አታውቅም ነበር። አፈረች፤ ጠይቃ እንደምትነግራት ቃል ገባች። በማግስቱ ሶዶ ለአባቷ ደውላ ጠየቀች፤ እርሳቸውም ወንድማቸውን ጠይቀው መለሱላት። ሐሙስ ማታ ኔትወርክ እስኪገኝ ጠብቃ ደብረ ማርቆስ ደወለችና ስሙን ነገረቻት። በአማርኛ ጆሮ የማይያዝ ስም ነው። እናቴ ሁለት ጊዜ አስደገመቻት።